ሰው ለሌላቸው ሰው የሆኑት ሐኪም

የዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን የሕይወት ታሪክ
በዐቢይ ጾም፣ በመጻጉዕ ሳምንት የሚነበብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

በዚህ ሳምንት በቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን ወንጌል ሁላችንም እናውቀዋለን (ዮሐ. 5፥1-9)። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ አንድ ሰው 38 ዓመት ሙሉ ታሞ ኖረ። ጌታችን መዳን ይፈልግ እንደሆነ ሲጠይቀው ሰውየው ስለ ሕመሙ አላወራም። ውኃው በሚናወጥበት ሰዓት አንሥቶ የሚያስገባው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው። እስቲ ይህን ነገር ልብ እንበለው። ውኃው ቅርብ ነበር። የሚከፈልበትም አልነበረም። ለዚያ በሽተኛ የጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው።

በዚህች አነስተኛ ጽሑፍ፣ ሰው ለሌላቸው እናቶች ሰው ሆነው ስለ ኖሩ አንድ ሐኪም እንነጋገራለን። ስማቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ይባላል። መቱ ከተማ የምትኖሩ፣ ወይም ከጎሬ፣ ከቡሬ፣ ከያዮ፣ ከበደሌ ለገበያም ለሕክምናም ወደ መቱ የምትመላለሱ ሁሉ ይህን ስም ታውቁታላችሁ። በመቱ የሚገኘው የፊስቱላ ሕክምና ማዕከል በዚሁ ስም ይጠራልና። ዶክተሩ ግን ማዕከሉን አላዩትም። እሳቸው ያረፉት በ1993 ነው፤ የመቱው ማዕከል የተከፈተው በ2010 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ይህ ገድል አይደለም። ዶክተሩ በእኛ ቤተ ክርስቲያን የተወለዱ ሰው አልነበሩም፤ ከሩቅ አገር የመጡ፣ በሌላ የክርስትና ወገን ያደጉ ሰው ናቸው። ታዲያ ለምን በጾም ወቅት እንጽፍላቸዋለን? ጌታችን ባልንጀራ ማን እንደሆነ ሲያስተምር ካህኑንና ሌዋዊውን አልፎ፣ ከሌላ ወገን የሆነውን ሳምራዊ ምሳሌ አድርጎ አቀረበ (ሉቃ. 10)። ይህን ያደረገው ካህኑን ለመናቅ አልነበረም፤ የሰማው ሁሉ ሄዶ እንዲሁ እንዲያደርግ ነው እንጂ። እኛም በዚሁ መንፈስ እናንብበው።

ከባሕር ማዶ

ዶክተር ሬጂናልድ በ1908 በኒውዚላንድ ተወለዱ። ሕክምና ተምረው በእናቶችና በወሊድ ሕክምና ላይ አተኮሩ። በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ፣ ክራውን ስትሪት በሚባለው የሴቶች ሆስፒታል ኃላፊ ሆነው ሠሩ። በዚያ ዘመን ነፍሰ ጡሮች ደም ግፊታቸው እየጨመረ፣ ሰውነታቸው እየተንቀጠቀጠ ይሞቱ ነበር። ዶክተሩ በሽታው እስኪነሣ አልጠበቁም። እናቶቹን ከእርግዝናቸው መጀመሪያ አንሥተው እየመዘኑ፣ ምግባቸውን እየተቆጣጠሩ፣ በሽታውን ከሆስፒታሉ ሊያጠፉት ምንም ያህል አልቀራቸውም። ያገኙትንም ውጤት በ1952 ላንሴት በተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙ። በዚያው ሆስፒታል የምትሠራ ካትሪን የምትባል ወጣት ሐኪም አግኝተው በ1950 ተጋቡ፤ አንድ ወንድ ልጅም ወለዱ።

ይህን ሁሉ የምንነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። እኒህ ሰው ሥራ አጥተው፣ መሄጃ ጠፍቷቸው ወደ አገራችን የመጡ አይደሉም። ስም ነበራቸው፤ ሹመት ነበራቸው፤ ቤትና ወገን ነበራቸው።

በ1958 አንድ ማስታወቂያ ዓይናቸው ገባ። ኢትዮጵያ፣ በአዲስ አበባ የልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ውስጥ የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም ትፈልጋለች የሚል ነበር። ባልና ሚስቱ ተመካከሩ። የ6 ዓመት ልጃቸውን ይዘው በ1959 አዲስ አበባ ገቡ። ዶክተር ሬጂናልድ ያን ጊዜ 50 ዓመት አልፏቸው ነበር። ውላቸው ለ3 ዓመት ነበር።

ስለ ሆስፒታሉ ስም ትንሽ እንበል። ልዕልት ፀሐይ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ። በስደቱ ዘመን እንግሊዝ አገር ነርስነት ተማሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1942 ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በወለጋ፣ በነቀምት አረፉ። ሆስፒታሉ የተሠራው ለእሳቸው መታሰቢያ ነው። እንግዲህ አስቡት። የንጉሥ ልጅ፣ ያውም ራሳቸው ነርስ ሆነው ሳለ እንዲህ ከሆነ፣ ከነቀምት በስተ ደቡብ፣ ከጫካውና ከወንዙ ማዶ የምትኖር የኢሉባቦር ገበሬ ሚስትማ ምን ትሆን?

አይተውት የማያውቁት ሕመም

አገር ቤት አንዲት ሴት ምጥ ሲይዛት ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል። ሴቶቹ ማርያም ማርያም እያሉ ይማጸናሉ። በሰላም ከተገላገለች እንኳን ማርያም ማረችሽ ትባላለች፤ ገንፎው ይገነፋል፤ እልልታው ይቀልጣል። ምጡ ሲጠናስ? አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ይሆናል። የሕፃኑ ራስ በዳሌዋ አጥንት መካከል ተቀርቅሮ አልወጣም ይላል። ራሱ የተጫነው ገላ ደም አጥቶ ይሞታል። ከቀናት በኋላ ሕፃኑ ብዙውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። የሞተው ገላም ሲለቅቅ በመውለጃው መንገድና በሽንት ፊኛ መካከል ቀዳዳ ይከፈታል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሽንቷ ሌትም ቀንም ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ፊስቱላ የሚባለው ይህ ነው።

እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚላት የለም። ልጇን ቀብራለች። ሽታውን የፈራ ባል ይርቃታል። አንዳንዷ ከወላጆቿ ቤት ጓሮ፣ ለብቻዋ ጎጆ ተቀልሶላት ትኖራለች። እርግማን ነው የሚላት አለ፤ የኃጢአቷ ዋጋ ነው የሚላትም አይጠፋም። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ገና በአፍላ ዕድሜዋ ባለች ልጅ ላይ ነው።

ሐምሊኖች አዲስ አበባ እስኪመጡ ድረስ እንዲህ ዓይነት ሕመምተኛ አይተው አያውቁም ነበር። በእነሱ አገር፣ ምጥ ሲጠና እናቲቱን በቀዶ ሕክምና ማዋለድ ከተለመደ ወዲህ በሽታው ጠፍቶ ነበር። እዚህ ግን የተቀደደ ልብስ የለበሱ፣ ከሰው ርቀው የሚቀመጡ ሴቶች ከየአቅጣጫው ይመጡ ጀመር። አንዳንዷ በእግሯ ቀናት ተጉዛለች። አንዳንዷ ለአውቶቡስ መሳፈሪያ ዓመታት ለምናለች።

ምን አደረጉ? ከመማር ጀመሩ። ስም ያላቸው ሐኪም በ50 ዓመት ዕድሜያቸው እንደ አዲስ ተማሪ ሆኑ። በዚህ ሕክምና የታወቁት ግብፃዊው ሐኪም ነጂብ ማሕፉዝ ነበሩ፤ እኒህ ሰው የግብፅ ኮፕት ክርስቲያን ናቸው። ከእሳቸው ልምድና ምክር፣ ከመጻሕፍትም እየቀሰሙ፣ ቀዶ ሕክምናውን በጥንቃቄ ጀመሩት። በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ወደ 300 የሚጠጉ ሴቶችን አከሙ።

ሌላ ችግር ደግሞ መጣ። ሌሎቹ በሽተኞች በሽታው ምክንያት ከእነዚህ ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል መተኛት አልፈለጉም። ሐምሊኖችም ሴቶቹን አላባረሩም፤ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ማረፊያ ቤት ሠሩላቸው። ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው እንግዶች ማረፊያ ወስዶ፣ ከኪሱ ከፍሎ እንዳስተኛው ማለት ነው።

ውሉ አለቀ፤ ሥራው አላለቀም

3ቱ ዓመት አለቀ። ሻንጣ ለመሸከፍ ግን ጊዜ አልነበረም። ሴቶቹ መምጣታቸውን አላቆሙም። ዶክተር ሬጂናልድ ለእነዚህ እናቶች ብቻ የሚሆን ሆስፒታል ካልተሠራ እንደማይሆን ገባቸው። ባሕር ማዶ እየተሻገሩ ዕርዳታ ለመኑ። ለራሱ የማይለምን ሰው ለሌላ ሲለምን ማየት ደስ ይላል። በመጨረሻም በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ተቋቋመ።

1974 እንዴት ያለ ዘመን እንደነበር አባቶቻችን ያስታውሳሉ። መንግሥት የተለወጠበት፣ ብዙ የውጭ አገር ሰው ጓዙን ጠቅልሎ የወጣበት ጊዜ ነው። እነሱ ግን ቆዩ። በዚያ ሁሉ ዘመን ሕክምናው ቀጠለ።

ሕክምናው ከመጀመሪያው ጀምሮ በነፃ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ባል የተዋት፣ ከብት የሌላት፣ መሬት የሌላት ሴት ከየት አምጥታ ትከፍላለች? ደግሞ ነፃ ማለት መድኃኒቱ ብቻ አይደለም። አልጋውም፣ ምግቡም፣ ቆይታውም ነፃ ነው። ድና ስትወጣ አዲስ ቀሚስ ይሰጣታል፤ አገሯ የሚያደርሳት የመሳፈሪያ ገንዘብም አብሮ ይሰጣታል። አዲስ ልብስ ለብሳ ወደ መንደሯ ስትገባ፣ ያቺ ሰው የሸሻት ሴት እሷ መሆኗን የሚያምን ይጠፋል። የጠፋው ልጅ ሲመለስ አባቱ መጀመሪያ ያደረገለት ልብስ ማልበስ እንደነበር ታስታውሳላችሁ (ሉቃ. 15)። የተዋረደ ሰው ክብሩ ሲመለስለት ከልብስ ይጀምራል።

ከታከሙት መካከል የአንዷን ታሪክ ብቻ እንንገራችሁ፤ በአደባባይ የታወቀ ታሪክ ነው። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ፊደል ያልቆጠረች የገጠር ልጅ ነበረች። በመጀመሪያ ምጧ ልጇን አጥታ፣ ተጎድታ፣ ወደ ሐምሊኖች መጣች። ስትሻላት አልጋ በማንጠፍ፣ ሕመምተኞችን በማጽናናት ማገልገል ጀመረች። ከዚያም በቀዶ ሕክምናው ክፍል መሣሪያ እያቀበለች፣ እያየች፣ እጇን እያለማመደች ራሷ ቀዶ ሐኪም ለመሆን በቃች። በ1989 ከለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ሽልማት ተሰጥቷታል። ታዲያ ዶክተር ሬጂናልድና ባለቤታቸው ያዳኑት ገላዋን ብቻ ነው? አይደለም። ለሰው የማትጠቅም የተባለችውን ለብዙዎች መዳኛ አደረጓት።

ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በኢትዮጵያ 34 ዓመት ካገለገሉ በኋላ፣ በ1993 በ85 ዓመታቸው አዲስ አበባ ላይ አረፉ፤ በዚያውም ተቀበሩ። ለ3 ዓመት የመጡት ሰው መቃብራቸውም እዚሁ ሆነ። ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ብቻቸውን ሥራውን ይዘው ሌላ 27 ዓመት ቆዩ። በ2020፣ በ96 ዓመታቸው ዐረፉ። ሥራው ከተጀመረ ወዲህ የታከሙት እናቶች ከ60,000 በላይ ናቸው።

ወደ መቱ

አሁን ወደ አገራችን ወደ ኢሉባቦር እንምጣ። መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ኢሉባቦር ደግሞ ዝናቡ የማያባራ፣ ጫካው የጠለቀ፣ ወንዙ የበዛ አገር ነው። ክረምት ሲገባ ሶርና ገባ ይሞላሉ፤ መንገዱ ጭቃ ይሆናል። ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ ቁልቁለቱን ወርደው መንገድ ዳር እስኪያደርሷት ድረስ ይመሻል፤ ይነጋል። የተጎዳችውስ? ልብሷ እየረጠበ በአውቶቡስ 600 ኪሎ ሜትር እንዴት ትጓዛለች? ተሳፋሪ አፍንጫውን ሲይዝ፣ ረዳቱ ውረጂ ሲላት ምን ትሆናለች? በዚህ ምክንያት ሆስፒታሉ በአዲስ አበባ መኖሩ ብቻ አልበቃም። ሴቲቱ ወደ ሕክምናው መሄድ ካቃታት፣ ሕክምናው ወደ እሷ መምጣት ነበረበት። በ2005 ባሕር ዳር ላይ ተጀመረ፤ ሌሎቹ ከተሞች ተከተሉ፤ በ2010 ተራው የመቱ ሆነ። ከዳሪሙ፣ ከአልጌ፣ ከዲዱ፣ ከሁሩሙ፣ ከጋምቤላም በኩል ለምትመጣ እናት ሕክምናው ቀረበላት። እዚህም በነፃ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ በሽታው ከነጭራሹ እንዳይደርስ ማድረግ ነው። ለዚህም በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ከገጠር የመጡ ልጆች ተምረው፣ ተመልሰው በገጠር ጤና ጣቢያ እናቶችን ያዋልዳሉ። ዶክተር ሬጂናልድ በ1959 የመጡበት ሐሳብ ይኸው ነበር። እሳቸው ሳያዩት፣ ከሞቱ ከ14 ዓመት በኋላ ፍሬ አፈራ። የዘራው ሌላ፣ ያጨደው ሌላ ሆነ።

ታዲያ ምን ጎደለ?

የተወደዳችሁ፣ ሐኪሙ አለ። አልጋው አለ። ክፍያ የለም። መንገዱም ከዱሮው አጥሯል። ታዲያ ምን ጎደለ? እንደ መጻጉዕ ዘመን የጎደለው ሰው ነው።

እስቲ ወደ ደብራችሁ መለስ ብላችሁ አስቡ። እሑድ ማለዳ ከቅጽሩ ውጭ፣ ከዛፍ ሥር፣ ነጠላዋን ተከናንባ ብቻዋን የምትቆም እናት የለችም? ረክሻለሁ ብላ በር ላይ ተሳልማ የምትመለስ፣ ሰንበቴ ላይ የማትቀመጥ፣ ማኅበር የተወች? ለምን እንደራቀች ጠይቀናት እናውቃለን? እኛ አገልጋዮችም ብንሆን አይተን ያለፍንበት ጊዜ ብዙ ነው። ካህኑና ሌዋዊውም እኮ አላቆሰሉትም፤ አይተው ነው ያለፉት።

12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችውን ሴት አስታውሱ (ማር. 5)። እሷም እንደ ርኩስ ተቆጥራ ከሰው ርቃ ነበር፤ ያላትንም ሁሉ ጨርሳ ነበር። ጌታችን ግን ስትነካው አልተቆጣትም፤ ልጄ ብሎ ጠራት። እኛ ከማን በልጠን ነው የምንጠየፋት?

አንዳንዱ ደግሞ ጠበል እያለ ሐኪም ምን ያደርጋል ይላል። ጠበሉ አይቅር፤ ጸሎቱም አይቅር። ነገር ግን መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበረ። በየዓመቱ ኅዳር 22 ቀን በስንክሳር የምናስባቸው ሰማዕታት ቆዝሞስና ድምያኖስ በሽተኛን ያለ ዋጋ ያክሙ የነበሩ ሐኪሞች ናቸው። ስለዚህ በነፃ ማከም ለቤተ ክርስቲያን አዲስ ነገር አይደለም፤ የጥንት የጥንታችን ነው። ጸበሏንም ትጠመቅ፣ ሕክምናዋንም ታግኝ። የንስሐ አባቷም በዚህ ይምከሯት፤ ያበረታቷት።

እንግዲህ በዚህ ጾም ምን እናድርግ?

እንዲህ ያለች እናት ካወቃችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ሰው በሌለበት አነጋግሯት። እርግማን እንዳልሆነ ንገሯት። የሚታከም ሕመም እንደሆነ፣ አብዛኞቹ እንደሚድኑ፣ መቱ ድረስ ከመጣች ገንዘብ እንደማትጠየቅ ንገሯት። ነግራችሁ ግን አትቅሩ፤ አብራችኋት ሂዱ። ሽባውን በአልጋ ተሸክመው፣ ጣሪያ ነድለው ወደ ጌታ ያወረዱት አራት ሰዎች ነበሩ (ማር. 2)። አንድ ሰንበቴ፣ አንድ ጽዋ ማኅበር አራት ሰው አያጣም። በጾሙ ከምሳችን የተረፈውን ገንዘብ ለአውቶቡስ መሳፈሪያዋ እናድርገው። ከጾም የተረፈ ለድኃ ካልደረሰ፣ ጾሙ የቁጠባ ሥራ ሆኖ ይቀራል (ኢሳ. 58)።

አባቶች፣ ልጃችሁን ሰውነቷ ሳይጠና፣ 18 ዓመት ሳይሞላት አትዳሯት። ባሎች፣ ሚስታችሁ ነፍሰ ጡር ስትሆን ከጤና ጣቢያ አታርቋት፤ ምጥ ሲይዛትም ነገ ይሻላታል እያላችሁ ቀን አትቁጠሩ። አንዷን ተጎድታ ከሆነ ደግሞ አትተዋት። በተክሊል የተቀበልከው፣ ወይም በሽማግሌ ቃል የገባህላት፣ ለደስታዋ ቀን ብቻ አልነበረም።

ዶክተር ሬጂናልድ ከምድር ዳርቻ መጥተው፣ ቋንቋችንን ሳያውቁ፣ እናቶቻችንን አልተጠየፉም። እኛ ጎረቤቶቿ ነን፤ ቋንቋዋን እናውቃለን፤ ቤቷ ከቤታችን የአንድ እርሻ ያህል ነው የሚርቀው። በመጨረሻዋ ቀን ታምሜ ጠይቃችሁኛል ወይስ አልጠየቃችሁኝም ተብለን ስንጠየቅ (ማቴ. 25) ሩቅ ነበረች ብለን የምናመልጥበት መንገድ የለንም።

አምላካችን መጻጉዕን ያለ ሰው ርዳታ በቃሉ ያዳነ ጌታ፣ እኛን ደግሞ ለሌላው ሰው የምንሆንበትን ልብ ይስጠን። በምጥ ላይ ያሉትን በሰላም ያገላግል፤ የተጎዱትን ይማር፤ ጾማችንንም ይቀበልልን። የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።